ያለ ሞተር ወደ ሰማይ፦ ስለ ጀርመን ስፖርታዊ በረራ አጀማመር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጀርመን ስፖርታዊ በረራ ታሪክ ሲነሳ ጨዋታው ቶሎ ወደ አንድ ተራራና ወደ አንድ ውል ይሄዳል፤ ተራራው ሮን በተባሉት ተራሮች ውስጥ ያለው ቫሰርኩፐ፣ ውሉ ጀርመን ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረመችው የቬርሳይ ውል። ሁለቱም ቦታ አላቸው፤ ታሪኩን ግን ብቻቸውን አይሸከሙትም። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርታዊ በረራ ሲባል የትኛው በረራ ነው?

ደመወዝ፣ ጭነትም ሆነ ጦርነት ሳይኖርበት፣ ሰው ለደስታው፣ ለውድድርና ለክብረ ወሰን የሚበርረው ነው። ፊኛውም፣ ባለ ሞተሩ ትንሽ አውሮፕላንም፣ ሞተር የሌለው ግላይደርም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጀርመን ውስጥ በረራን ከባለጸጋ መዝናኛነት አውጥቶ ለተማሪና ለአናጺ ያደረሰው ግላይደሩ ስለሆነ አብዛኛው መልስ ስለ እርሱ ነው።

ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው መብረር የጀመሩት መቼ ነው?

በፊኛ ዘመን። የአየር ጉዞን ለማስፋፋት በርሊን ላይ የተቋቋመው ማኅበር በ1881 ተመሠረተ። በየከተማው የነበሩት የፊኛ ክለቦች ደግሞ በ1902 አንድ አገር አቀፍ ኅብረት ፈጠሩ። ፊኛ በጋዝ ሞልቶ ለመንሳፈፍ ገንዘብ ይጠይቃልና አባላቱ በአብዛኛው መኮንኖች፣ ባለ ፋብሪካዎችና ምሁራን ነበሩ።

ከበርሊኑ ማኅበር አባላት አንዱ ኦቶ ሊሊየንታል ይባላል። ከ1891 ጀምሮ ራሱ በሠራቸው ክንፎች ከኮረብታ እየተንደረደረ ወደ 2,000 ጊዜ የሚጠጋ በርሯል። በኦገስት 1896 ወደቀና በማግስቱ አረፈ። ክንፎቹን ለፈላጊ ይሸጥ ነበር፤ ሥራውን እዚያው ተረክቦ የሚቀጥል ክለብ ግን አልነበረውም። ይህ ልዩነት በኋላ የሚመጣውን ለመረዳት ይጠቅማል።

ሞተር ሲመጣ ዓይን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። በ1909 በርሊን አጠገብ የዮሃኒስታል የበረራ ሜዳ ተከፈተ፤ በፌብሩዋሪ 1910 አውጉስት ኦይለር የጀርመንን አብራሪነት ፈቃድ ቁጥር 1 ወሰደ። ሕዝቡ ትኬት ገዝቶ ይመለከታል፤ የሚበርሩት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

ሞተሩን ትቶ ወደ ኮረብታ መመለስ የማን ሐሳብ ነው?

የተማሪዎች። በ1909 ፍራንክፈርት ላይ ትልቅ ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞ ኤግዚቢሽን ተካሂዶ ነበር። ከዳርምሽታት መጥተው ያዩት ልጆች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የበረራ ስፖርት ማኅበር አቋቋሙ። ሞተር የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ከእንጨት፣ ከሽቦና ከጨርቅ ግላይደር እየሠሩ ከ1911 ጀምሮ ወደ ሮን ተራሮች ይወጡ ጀመር። ከመካከላቸው ሃንስ ጉተርሙት በ1912 በ112 ሴኮንድ 838 ሜትር በረረ። በዚያ ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ከጦርነቱ አልተመለሱም። የቬርሳይ ውል ሳይታሰብ፣ ማንም ሳይከለክላቸው፣ በኪሳቸው ልክ የጀመሩት እነዚህ ልጆች በታሪኩ ውስጥ የሚገባቸውን ያህል ሲወሱ አላየሁም።

ለምን ቫሰርኩፐ? ጀርመን ውስጥ ሌላ ተራራ ጠፍቶ ነው?

ለከፍታው ከሆነ ብዙ አለ፤ ቫሰርኩፐ 950 ሜትር ብቻ ነው፣ እንደ እኛ አገር መለኪያ ቆላ ነው። ዋጋው ቅርጹ ላይ ነው። አናቱ ዛፍ የሌለበት ሣር ነው፤ ዳገቶቹም ወደ ተለያየ አቅጣጫ ስለሚወርዱ ነፋሱ ከምዕራብም መጣ ከደቡብ ፊቱን የሚሰጥ ዳገት አይጠፋም። የወደቀ ሰው የሚያርፈውም ሣር ላይ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ባቡር እስከ ጌርስፌልድ ከተማ ይደርስ ስለነበር ግላይደሩን ፈታትቶ በባቡር፣ ከዚያ በጋሪ ሽቅብ መውሰድ ይቻል ነበር።

ነገሩ ሁሉ የመጣው የቬርሳይ ውል ሞተር ስለከለከለ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው።

በጁን 1919 ተፈርሞ በጃንዋሪ 1920 በሥራ ላይ የዋለው ውል ጀርመን የጦር አየር ኃይል እንዳይኖራት ከለከለ፤ አውሮፕላንና የአውሮፕላን ሞተር መሥራትንም ለ6 ወር አገደ። እገዳው ከዚያ በኋላ ተራዘመና እስከ ሜይ 1922 ቆየ። ሲነሳም የአውሮፕላኖቹ ፍጥነትና የሚወጡበት ከፍታ ተገድቦ ነው፤ ሲቪል በረራ ከእነዚህ ገደቦች የተላቀቀው በ1926 የፓሪስ ስምምነት ነው። ስለ ግላይደር ውሉ ያለው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከጦርነት የተመለሱ አብራሪዎችና ሥራ የፈቱ መሐንዲሶች የቀረላቸውን ቀዳዳ ተጠቀሙ፤ ይህ አይካድም።

ግን ክልከላ ብቻውን ስፖርት አይወልድም። እንግሊዝንና ፈረንሳይን እንይ። ማንም አልከለከላቸውም፤ እነርሱም በ1922 የግላይደር ውድድር አዘጋጅተው ነበር፣ ፈረንሳይ በኦገስት ኮምበግራስ ላይ፣ እንግሊዝ በኦክቶበር ኢትፎርድ ላይ። ኢትፎርድ ላይ ፈረንሳዊው ማንሮል ከ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ አየር ላይ ቆይቶ ሽልማቱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ለዓመታት ቀዘቀዘ። በ1925 መንግሥት የሚደጉማቸው ክለቦች ሞዝ በተባለችው ትንሽ ባለ ሞተር አውሮፕላን መብረር ሲጀምሩ ሰው ወደዚያው ሄደ።

ጀርመኖቹ የቀጠሉት የሚቀጥሉበት መዋቅር ስለነበራቸው ነው። በየዓመቱ የሚጠበቅ ውድድር፣ ውጤቱንና ንድፉን የሚያትም መጽሔት፣ በየዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ያለው ቡድን፣ ቆየት ብሎም ትምህርት ቤትና የምርምር ተቋም ነበራቸው። ገንዘብ ማጣትም የራሱ ድርሻ አለው። በ1923 ማርክ ዋጋ ባጣበት አገር፣ ሞተር ቢፈቀድ እንኳ ቤንዚን የሚገዛ ተማሪ ከየት ይመጣል?

ያንን መዋቅር ማን ዘረጋው?

አንድ ስም ጥሩ ከተባልኩ ኦስካር ኡርሲኑስ እላለሁ። መሐንዲስ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ጎታ ለተባለው ፋብሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነድፏል። ከ1908 ጀምሮ ደግሞ ፍራንክፈርት ላይ «ፍሉግሽፖርት» የተባለውን የበረራ ስፖርት መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። በ1920 በዚሁ መጽሔት ላይ ጥሪ አሰማ፤ ግላይደር ያለው ሁሉ በበጋ ወደ ሮን ይምጣ አለ። የፍራንክፈርቱ ነጋዴ ካርል ኮትሰንበርግ ገንዘብ አገዘ። ኡርሲኑስን ከዚያ ወዲህ «የሮን አባት» እያሉ ጠሩት።

መጽሔት ያለው ሰው መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ዳርምሽታት ላይ የተሞከረ ክንፍ ምን እንዳደረገ ድሬስደን ያለው ተማሪ የሚያውቀው በዚያ መጽሔት ነው። ሊሊየንታል ያጣው እንዲህ ያለውን ነው እላለሁ።

የ1920ው የመጀመሪያ ውድድር ምን ይመስል ነበር?

በአብዛኛው ብልሽትና ዝናብ። ተወዳዳሪዎቹ በድንኳንና በእንጨት ቤት ያድራሉ፣ ቀን የሰበሩትን ሌሊት በኮላና በምስማር ይጠግናሉ። አንዳንዱ ግላይደር ጨርሶ ከመሬት አልተነሳም። ቪሊ ፔልስነር የተባለው ሰው በክንዱ ተንጠልጥሎ በሚሮጥበት ቀላል ክንፍ ብዙ አጫጭር በረራዎችን አደረገ፤ ዘዴው ግን ከሊሊየንታል ዘመን ያለፈ አልነበረም።

በኦገስት ኦይገን ፎን ሎስል ከከፍታ ወድቆ ሞተ። ብዙዎቹ ተስፋ በቆረጡበት በዚህ ሰዓት፣ ከአኽን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ቮልፍጋንግ ክሌምፐረር ዘግይቶ ደረሰ። የመጣውም «ጥቁሩ ሰይጣን» የሚል ስም በተሰጠው ጥቁር ግላይደር ነው። ክንፉ ወፍራም ነው፣ ዙሪያውን የሚወጥረው የሽቦ ድርም የለውም፤ ውስጡ ባለው እንጨት ብቻ ይቆማል። በሴፕቴምበር መጀመሪያ 1,830 ሜትር በ2 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ በረረ።

2 ደቂቃ ለዛሬ አንባቢ ምንም ላይመስል ይችላል። በሜዳው የነበሩት ሰዎች የተገነዘቡት ግን ክንፉ ከሌሎቹ ሁሉ በተሻለ አየሩን መጠቀሙን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኦገስት 30 ክሌምፐረር 13 ደቂቃ ቆየ፤ በዚህም ኦርቪል ራይት በ1911 አሜሪካ ላይ ያስመዘገበውን 9 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ከ10 ዓመት በኋላ ሰበረ። ከ2 ሳምንት በኋላ ፍሪድሪሽ ሃርት ከወጣቱ ቪሊ መሰርሽሚት ጋር በሠሩት ግላይደር 21 ደቂቃ ቆየ፤ ሲያበቃ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። መሰርሽሚት አዎ፣ ያው በኋላ በጦር አውሮፕላኑ የምናውቀው ነው።

ሞተር ሳይኖር ሰዓታት መቆየት እንዴት ይቻላል?

ግላይደር ሁልጊዜ እየወረደ ነው። ጥሩ የሚባለው በሴኮንድ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ይወርዳል። ነፋስ ዳገት ሲመታ መሄጃ ስለሚያጣ ሽቅብ ይታጠፋል፤ ሽቅብ የሚወጣበት ፍጥነት ግላይደሩ ከሚወርድበት ከበለጠ፣ ግላይደሩ በአየሩ ውስጥ እየወረደ ከመሬት ግን እየራቀ ይሄዳል። አብራሪው ከዳገቱ ፊት ሳይርቅ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ነፋሱ እስካለ ድረስ ይቆያል።

ሌላው መንገድ ፀሐይ ያሞቀችው መሬት ላይ የሚነሳ የሞቀ አየር ነው። ጆፌ አሞራ ረፋድ ላይ ክንፉን ሳያርገበግብ እየዞረ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን አይቷል፤ ያ አሞራ የሚዞረው በዚያ አየር ውስጥ ነው። ጀርመኖቹ የመጀመሪያውን ዘዴ በ1921ና በ1922 ተማሩት፤ ሁለተኛውን አውቆ ለመጠቀም ግን እስከ 1928 ድረስ ፈጀባቸው።

1922 ለምን እንደ መለያ ዓመት ይቆጠራል?

በሃኖቨር ተማሪዎች ምክንያት። በጌኦርግ ማደሉንግ መሪነት «ቫምፒር» የተባለ ግላይደር ነደፉ፤ የሃኖቨር የባቡር ፉርጎ ፋብሪካ ሠራላቸው። ክንፉ 12.6 ሜትር ነው። ዋናው ብልሃት ከክንፉ ፊት ለፊት ነው፤ የክንፉን ግንባር በስስ ኮምፔንሳቶ ሸፍነው ከአንዱ ተሸካሚ እንጨት ጋር ሲያጣብቁት የተዘጋ ቱቦ ሆነ። ቱቦ አይጠመዘዝም። ስለዚህ ክንፉን ቀጭንና ረጅም፣ ክብደቱንም ቀላል ማድረግ ተቻለ። ከዚያ ወዲህ ለአሥርተ ዓመታት የተሠሩት የእንጨት ግላይደሮች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ሄዱ። ለማረፊያ ደግሞ ከጎማ ይልቅ ሦስት ኳስ አስገቡለት። አስቂኝ ይመስላል፣ ይሠራ ነበር።

ኦገስት 18 አርተር ማርተንስ ከ1 ሰዓት በላይ ቆየ፤ በታሪክ የመጀመሪያው የአንድ ሰዓት የግላይደር በረራ ነው። በማግስቱ ጓደኛው ፍሪድሪሽ ሄንትሰን በዚያው ግላይደር ከ2 ሰዓት አለፈ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ 3 ሰዓትንም ተሻገረ። ቀዳሚው ዓመት በደቂቃ ሲቆጠር ይህኛው በሰዓት መቆጠሩ ጋዜጦቹን አሳበደ። ኢትፎርድ ላይ እንግሊዞች ውድድር የጠሩትም ይህን ሰምተው ነው።

በመጥረጊያ እንጨት አውሮፕላን ሠራ የሚባለው መምህር እውነተኛ ሰው ነው?

ነው። ፈርዲናንድ ሹልዝ ይባላል፣ የምሥራቅ ፕሩሲያ የገጠር አስተማሪ። በ1922 የሠራውን ግላይደር ይዞ ወደ ሮን መጣ፤ መሪው የመጥረጊያ እጀታ ስለነበር ሰዎች «የመጥረጊያ እንጨት ሣጥን» ብለው ሳቁበት። የቴክኒክ ኮሚሽኑ አይቶ እንዳይበርር ከለከለው። ኮሚሽኑን መውቀስ ይከብዳል፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሰው ሞቶባቸዋል።

ሹልዝ ወደ አገሩ ተመለሰ። በባልቲክ ባሕር ዳር ሮሲተን የሚባል መንደር አለ፤ ዛሬ ሩሲያ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው የአሸዋ ኮረብታ ከባሕር የሚመጣውን ነፋስ ፊት ለፊት ይቀበላል። በሜይ 11 ቀን 1924 ሹልዝ በዚያው በተናቀው ግላይደር 8 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ቆየና የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በ1927 ደግሞ በሌላ ግላይደር 14 ሰዓትን አለፈ። በ1929 ሞቱን ያገኘው በባለ ሞተር አውሮፕላን ነው።

ጀማሪ እንዴት ይማር ነበር? ምን ያህልስ ሰው ይፈልጋል?

ይህ ጥያቄ የስፖርቱ ልብ ነው።

ማርተንስ በ1924 ቫሰርኩፐ ላይ የግላይደር ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1920ዎቹ አጋማሽ የሮንና የሮሲተን ሰዎች በአንድ ማኅበር ተጠቃለሉ፤ በዚህ ማኅበር ውስጥ ዋልተር ጌኦርጊ የአየር ጠባይ ምርምሩን፣ አሌክሳንደር ሊፒሽ ንድፉን፣ ፍሪትስ ሽታመር ትምህርት ቤቱን መሩ። ሽታመርና ሊፒሽ በ1926 «ሶግሊንግ» የተባለውን የጀማሪ ግላይደር አወጡ፤ ትርጉሙ ደቀ መዝሙር እንደ ማለት ነው። አንድ ወንበር፣ አንድ ክንፍ፣ ከኋላ የእንጨት ፍሬምና ጭራ፤ ሌላ ምንም የለውም። ተማሪው አፍንጫው ለነፋስ ተሰጥቶ በባዶው ይቀመጣል። ሲሰበር በቀላሉ ይጠገናል፤ መሰበሩ ደግሞ አይቀርም። ንድፉ በየአገሩ ተሰራጭቶ ብዙ ክለቦች ለራሳቸው ሠርተውታል።

አስተማሪ አብሮ አይወጣም። ተማሪው ከመጀመሪያዋ ሴኮንድ ጀምሮ ብቻውን ነው። መነሻው የላስቲክ ገመድ ነው፤ መካከሉ በግላይደሩ አፍንጫ መንጠቆ ላይ ይገባል፣ ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ያሉ ልጆች ይይዛሉ፣ ሌሎች ጭራውን ይዘው ያስቀራሉ። መሪው «ወጥሩ!» ይላል፤ ገመዱን ይዘው ወደ ቁልቁለቱ ይሄዳሉ። «ሩጡ!» ይላል፤ ይሮጣሉ። «ልቀቁ!» ሲል ጭራ የያዙት ይለቃሉ፣ ግላይደሩ ተወርውሮ ይወጣል። በረራው ምናልባት 15 ሴኮንድ ይሆናል። ከዚያ ያንኑ ግላይደር እየገፉ ሽቅብ መመለስ ነው፤ ቀጣዩ ተማሪ ይቀመጣል።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው ለ15 ሴኮንድ ለመብረር ወደ አሥር የሚጠጋ ሰው ይደክማል፣ ክረምቱን ሙሉ ደግሞ በወርክሾፕ ያንኑ ግላይደር ሲሠሩ ነው የከረሙት። ደቦ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ብቻውን መብረር አይችልም። ክለብ የግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ጀርመኖች ማኅበር ስለሚወዱ ብቻ አይደለም (መውደዱንም ይወዳሉ)።

ፈተናው በሦስት ደረጃ ነበር። ለሀ ደረጃ 30 ሴኮንድ ቀጥ ብሎ መብረር፤ ለለ ደረጃ እየታጠፉ 1 ደቂቃ፤ ለሐ ደረጃ ከተነሱበት ከፍታ በላይ 5 ደቂቃ መቆየት። ያለፈ ሰው በሰማያዊ መደብ ላይ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ነጭ የባሕር ወፍ ያለበት ዓርማ ደረቱ ላይ ያደርጋል። በ1931 የብር ደረጃ ተጨመረ፤ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ 1,000 ሜትር ከፍታ መጨመርና 5 ሰዓት መቆየት ይጠይቃል። ቁጥር 1ን ቮልፍ ሂርት፣ ቁጥር 2ን ሮበርት ክሮንፌልድ ወሰዱ። የብሩ ደረጃ ዛሬም በዓለም ዙሪያ በእነዚህ በሦስቱ መለኪያዎች ይሰጣል።

ከዳገቱ ተላቀው ሩቅ መብረር የቻሉት መቼ ነው?

መጀመሪያ በአጋጣሚ። በኦገስት 1926 ማክስ ኬግል ቫሰርኩፐ ላይ እየበረረ ሳለ ነጎድጓዳማ ደመና ዋጠው። ሽቅብ ጎትቶ ወሰደውና 55 ኪሎ ሜትር ርቆ አረፈ። በሕይወት መገኘቱ ራሱ ዕድል ነው፤ «ነጎድጓዱ ማክስ» ተብሎ ቀረ። የተረፈው ትምህርት ግን ትልቅ ነበር፦ ከዳገቱ ውጭም ሽቅብ የሚወስድ አየር አለ።

ጌኦርጊ ይህን እንደ ሳይንስ ተከታተለው። በ1928 የቪየናው ወጣት ክሮንፌልድ በነጫጭ የበጋ ደመናዎች ስር እየዞረ ከፍታ መያዝ ጀመረ፤ እየወጣ ወይም እየወረደ መሆኑን የሚነግር ቫሪዮሜትር የተባለ መሣሪያም ይዞ ነበር። ሰው በቀስታ መውጣቱን በሰውነቱ አያውቅም፤ መሣሪያው ያውቃል። ተፎካካሪዎቹ ከፍታውን ከየት እንደሚያመጣው ሲገረሙ ነበር ይባላል። በሜይ 1929 ክሮንፌልድ ቶይቶቡርግ ደን ላይ ተነስቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመብረር የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በጁን 1931 የእንግሊዝን ቻናል በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ተሻገረ።

ሂርት ደግሞ ደመና በሌለበት ሰማይም በሞቀ አየር እየዞሩ መውጣት እንደሚቻል አሳየ። በሞተር ሳይክል አደጋ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነበር። በማርች 1931 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ሕንፃዎች ላይ የሚመታውን ነፋስ ተጠቅሞ በግላይደር በርሯል፤ ከተማውም ትራፊኩን ትቶ ሽቅብ አንጋጠጠ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ጉንተር ግሩንሆፍ ከሙኒክ ተነስቶ ከማዕበል ግንባር ፊት ፊት እየሸሸ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ አረፈ።

ሴቶችስ?

ነበሩ፤ በሩ ግን ጠባብ ነበር። ሜሊ ቤዘ በሴፕቴምበር 13 ቀን 1911፣ 25 ዓመት በሞላት ቀን፣ ፈቃድ ቁጥር 115ን ወስዳ የመጀመሪያዋ ጀርመናዊት አብራሪ ሆነች፤ ዮሃኒስታል ላይ ወንዶቹ አውሮፕላኗን ሆን ብለው ያበላሹባት እንደነበር ተመዝግቧል። በግላይደሩ ዘመን የወጣችው ሃና ራይትሽ ናት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሂርት በሚመራው በግሩናው ትምህርት ቤት ተማረች፤ ሥፍራው ዛሬ ፖላንድ ነው። ችሎታዋ አያከራክርም። በኋላ የሂትለር ታማኝ መሆኗና ከጦርነቱም ወዲህ ከዚያ በቅጡ አለመራቋ ስሟን ሲያነሱ የሚዘለል አይደለም።

አደገኛ አልነበረም?

ነበር። ሎስል በ1920፣ ግሩንሆፍ በጁላይ 1932 በዚያው ቫሰርኩፐ ላይ ሞቱ፤ ሌሎችም አሉ። በኦገስት 1923 ተራራው ላይ ለሞቱ አብራሪዎች ሐውልት ተመረቀ፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ንስር ነው። ሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን ስለ ስፖርት አይናገርም። የሞቱት አብራሪዎች ራሳቸው እየተናገሩ ሕዝቡ እንደገና እንዲበርርና አሸናፊ እንዲሆን ይጠሩታል። ይህን ልብ በሉ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወስዳል።

ስፖርቱ የድብቅ አየር ኃይል ሽፋን አልነበረም ወይ?

በ1920ዎቹ እንደዚያ ብሎ መደምደም ስህተት ይመስለኛል። የጀርመን ጦር በእርግጥ በድብቅ አብራሪ ያሠለጥን ነበር፤ ያ ግን ከ1925 እስከ 1933 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሊፔትስክ በተባለ ቦታ፣ በእውነተኛ የጦር አውሮፕላን ነው። በላስቲክ ገመድ ለ15 ሴኮንድ የሚወረወር ልጅ ተዋጊ አብራሪ አይሆንም።

የተራራው መንፈስ ግን ንጹሕ ስፖርት ብቻ አልነበረም። ሐውልቱ እንደሚያሳየው የተሸነፈ አገር ቁጭት አብሮ ነበር። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ክለቦቹን ሁሉ በአንድ የአየር ስፖርት ኅብረት ጠቀለሉ፤ በ1937 ደግሞ የፓርቲው የበረራ ክንፍ ተረከበው። እንዲህ በፍጥነት መጠቅለል የቻሉት ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ስለጠበቃቸው ነው፤ ትምህርት ቤቱ፣ ፈተናው፣ ዓርማው፣ በትእዛዝ መሮጥ የለመደው ወጣት። ስፖርቱን ያጸናው ያው መዋቅር በአንድ ፊርማ ባለቤት ለወጠ። በሜይ 1940 የቤልጂጉን ኤበን ኤማኤል ምሽግ የያዙት ወታደሮች በግላይደር ነበር የደረሱት።

ክሮንፌልድ አይሁዳዊ ነበር። ናዚዎች ሲመጡ ጀርመንን ለቆ ወጣ፣ በመጨረሻም እንግሊዝ ገባ፣ ዜግነትም ወሰደ፣ ጦርነቱ ሲመጣ በእንግሊዝ አየር ኃይል አገለገለ። በፌብሩዋሪ 1948 ጭራ የሌለው ግላይደር ሲሞክር ተከስክሶ ሞተ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስፖርቱ ቆመ?

ቆመ። አሸናፊዎቹ በ1945 የጀርመንን በረራ በሙሉ ሲከለክሉ በዚህ ጊዜ ግላይደርንም ጨመሩ። የጀርመን ኤሮ ክለብ በ1950 እንደገና ተቋቋመ፤ በ1951 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ በግላይደር መብረር ተፈቀደ፣ ባለ ሞተሩ ደግሞ በ1955 ተከተለ።

ቦታውን ሄዶ ማየት ይቻላል?

ይቻላል፤ በተለይ ፍራንክፈርትና አካባቢው ላሉ ወገኖቻችን ሩቅ አይደለም። በባቡር እስከ ፉልዳ፣ ከዚያ በትንሹ ባቡር እስከ ጌርስፌልድ፣ የቀረውን በመኪና ወይም በእግር። መኪና የሌለው ሰው ዳገቱን ካሰበበት በጠዋት ይነሳ። ንስሩ ሐውልት እዚያው ነው፤ የግላይደር ትምህርት ቤቱም ዛሬ ድረስ ያስተምራል። አናቱ ላይ የሚታየው ነጭ ክብ ሕንፃ ከስፖርቱ ጋር አይገናኝም፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ራዳር የነበረበት ነው። የጀርመን የግላይደር ሙዚየም በተራራው ላይ አለ፤ ዋናውን ቫምፒር ማየት የሚፈልግ ግን ወደ ሙኒክ መሄድ አለበት፣ የዶይቸስ ሙዚየም ንብረት ነው።